ባሌን ከእኔ አብልጠው ለሚያውቁት ለክብርት መርማሪ

ለክብርት የቋሚ ነዋሪነት ጉዳዮች መርማሪ
ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ መስኮቱ ላይ አበባ ያለበት ክፍል
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ራስዎ፣ ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ያ የቀኝ ትከሻዎ ደህና ነው ወይ? እኔ ለትምህርት በመጣሁበት በሰው አገር፣ ፀሐይ በማይጎበኘው የተማሪ ክፍሌ ውስጥ፣ ከባሌ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። ይህ ናፍቆት የሚባል በሽታ እርስዎን እንደማያገኝዎት ስለማውቅ ለጤናዎ ብዙም አልሰጋም።

ደብዳቤዬን በአደባባይ ማውጣቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በመሥሪያ ቤትዎ በር ላይ «ቅሬታ ካለዎት ለእኛ፣ ምስጋና ካለዎት ለሌሎች ይንገሩ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። የእኔ ቅሬታና ምስጋና ተጣብቀው አልላቀቅ ስላሉኝ ሁለቱንም ለሁሉም ልናገር ወሰንኩ። ደግሞም የአስተያየት መስጫ ሣጥኑ ቁልፍ በእርስዎ ቦርሳ የውስጥ ኪስ ውስጥ እንደሚውል ባለቤቴ በስልክ አጫውቶኛል። የቦርሳዎን የውስጥ ኪስ እሱ እንዴት ሊያውቅ እንደቻለ አልጠየቅኩትም፤ ጨዋ ሴት ነኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ሥራዬ ድልድይ መመርመር ነው። ከድልድዩ ሆድ ሥር በመወጣጫ ተንጠልጥዬ ኮንክሪቱን በትንሽ መዶሻ እቆረቁርና ድምፁን አዳምጣለሁ፤ ድፍን ከሆነ አልፈዋለሁ፣ የባዶ ድምፅ ከሰጠ በጠመኔ እከብበዋለሁ። አንድ ቀን ከዚያ መወጣጫ ወድቄ የእጄ አንጓ ወለቀ። በሆስፒታሉ የማገገሚያ ክፍል የተቀበለኝ ባለሙያ ከሌላ አገር በውል ተቀጥሮ የመጣ፣ ቋንቋችንን እንደ ትኩስ ዳቦ ከጉንጭ ጉንጭ እያገላበጠ የሚናገር ሰው ነበር። «አይዞህ፣ እጅሽ ደህና ትሆናለህ» አለኝ። እጄ ዳነ፤ ልቤ ግን እዚያው ቀረና ተጋባን። እናቴ መጀመሪያ ላይ «ዘመዱን በምን ቋንቋ ላጣራ?» ብላ አኩርፋ ነበር። የጉልበቷን ቁርጥማት ካስታገሰላት በኋላ ግን ዘሩንም ቋንቋውንም ረሳችው፤ ሰፈሩም «ወጌሻው» ብሎ ስም አወጣለት።

የሥራ ውሉ ሲያልቅ የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ ስለሚያልቅ፣ የዜጋ ባል ነውና ለቋሚ ነዋሪነት አመለከትን። ማመልከቻውን አስገብተን ገና እግራችንን ሳንዘረጋ፣ ለዓመታት ስመኘው የኖርኩት የውጭ አገር የትምህርት ዕድል መጣልኝ። ልተወው ስል «ሂጂ። ድልድዩም ይጠብቅሻል፣ እኔም እጠብቃለሁ» አለኝ። እንግዲያውስ አብረን እንሂድ ስል ደግሞ፣ በእርስዎ ደንብ ጉዳዩ ሳያልቅ ከአገር የወጣ አመልካች ማኅደሩ ይዘጋበታል፤ የተዘጋ ማኅደር ደግሞ የሚከፍተው የለም። እንዲህ ሆኖ የአገሩ ልጅ ወደ ሰው አገር ሄድኩ፤ የሰው አገሩ ሰው በእናቴ ቤት ቀረ። እንግዳው ባለቤት፣ ባለቤቷ እንግዳ ሆንን። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ሰዎች ስልክ ያለው ባል አላዩም።

እነሆ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር ይወዳልና።

አንደኛ። ጋብቻው የእውነት መሆኑን ለማጣራት ወደ ቤታችን መምጣትዎ ግዴታዎ ነውና ከልብ አመሰግናለሁ። መታጠቢያ ቤት ገብተው አንድ የጥርስ ብሩሽ ብቻ ማየትዎ፣ «የሚስትዎስ የት አለ?» ብለው መጠየቅዎም ተገቢ ነበር። ጥርሴን ይዤ ስሄድ ብሩሹንም አብሬ መውሰዴን ለማስረዳት ባለቤቴ ቋንቋው አልበቃው ብሎ፣ ሮጦ ከሱቅ ቀይ ብሩሽ ገዝቶ ከራሱ ብሩሽ ጎን አቆመው። በሁለተኛው ጉብኝትዎ «ብሩሹ ደረቅ ነው» ብለው መጻፍዎን ስሰማ በትጋትዎ ተደነቅኩ። እኔ እዚህ በየዕለቱ እየታጠብኩ፣ በአገሬ መዝገብ ጥርሷን የማትታጠብ ሴት ሆኜ ተይዣለሁ።

ሁለተኛ። ወንበሬን ይመለከታል። ከመስኮቱ ሥር ያለው፣ አንድ ክንዱ የላላው ወንበር፣ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ የምወድቅበት ነበር። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ ይባላል፤ እርስዎ ግን ሰው ማስቸገር አይወዱምና አንጥፉልኝ እንኳ ሳይሉ ሄደው ተቀመጡበት። የላላውን ክንድም ባሌ አጠበቀልዎት። እኔ አጥብቅልኝ ብዬ ስንት ጊዜ ለምኜው ነበር! እናቴ በስልክ «እንዴት ያለች ጨዋ ሴት መሰለችሽ! ሻይዋን ጠጥታ ብርጭቆዋን ራሷ አጥባ ነው የምትሄደው» አለችኝ። ይህችው እናቴ እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ «ብርጭቆ የማታነሳ» ስትለኝ የኖረች ናት። ሰላምታዬን ለእሱ አድርሺልኝ ስላትም «ልጄ ወንበሩን እየጠገነ ነው፣ በኋላ ደውዪ» ትለኛለች። ልጄ የምትለው እሱን ነው። እኔ «አንቺ» ነኝ።

ሦስተኛ። አሁን ወደ ትከሻዎ ደረስን። ባለቤቴ ጉዳዩ እስኪያልቅ ተቀጥሮ መሥራት ስለተከለከለ እጁ ሥራ ፈትቶ ነበር፤ የሱ እጅ ደግሞ ሥራ ሲፈታ ያመዋል። ካፖርትዎን ከበሩ ኋላ ካለው ሚስማር ላይ ለመስቀል ሲሞክሩ ቀኝ እጅዎ ከደረትዎ በላይ እምቢ ማለቱን አየ። ከዚያ ወዲያ የመንግሥት ምርመራና የትከሻ ሕክምና ባንድ ላይ መካሄድ ጀመሩ። ግድግዳው ፊት አቁሞ ጣቶችዎን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ እንዲያስኬዱ ማድረጉን፣ የደረሱበትንም በእርሳስ ምልክት ማድረጉን ከእናቴ ሰማሁ። እናቴማ እንደ ኳስ ጨዋታ ነበር የምታስተላልፍልኝ፤ «ዛሬ የመብራት ማጥፊያውን አለፈች!» ብላ ስትጮህ እኔ ለፈተና እያጠናሁ ነበር።

ክብርት ሆይ፣ ቀልዱን ለአፍታ ላቁመው። ያ ግድግዳ እኔ በልቤ ለሌላ ነገር ያሰብኩት ግድግዳ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ፣ እግዜር ከሰጠን፣ ልጅ ጀርባውን አስደግፎ ቁመቱ የሚለካበት ነበር። አሁን ግን ከደረት እስከ በሩ ራስ ድረስ የእርስዎ እጅ ዕድገት ተሰምሮበታል። በግሩም ሁኔታ አድገዋል። እንኳን ደስ አለዎት።

አራተኛ። ባለቤቴ እኔ ያስተማርኩትን ቋንቋ ረስቶ የእርስዎን መናገር ጀምሯል። ድሮ «በጣም ናፈቀሽኝ፣ ሆዴ ባዶ ቤት ሆነች» ይለኝ ነበር፤ ስህተቱ ራሱ ይጣፍጥ ነበር። አሁን ስልኩን አንስቶ «ናፍቆቴ በሂደት ላይ ይገኛል» አለኝ። እየቀለደ ይሆን ብዬ ሳመነታ፣ «እወድሻለሁ፤ ይህንንም በአክብሮት አረጋግጣለሁ» ብሎ ጨመረበት። ማን እንዳስተማረው ስጠይቀው በኩራት «መርማሪዋ። አነጋገሬ ለቃለ መጠይቁ እንዲስተካከል ብላ» አለኝ። ስለ ደግነትዎ ምን ልበል! ባሌን አሳምሩልኝ ብዬ ለሰው የሰጠሁት አይመስለኝም።

አምስተኛ። ሳቅ። ይህን በተመለከተ ማስረጃዬ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ቃል ነው። ቀስ ብለሽ እይልኝ ብዬ ስለምናት «እኔ ምን አውቃለሁ እህቴ፣ ሰው ቤት ጆሮዬን አልጥልም፤ ብቻ ሳቅ ይሰማል» አለችኝ። «የማን ሳቅ?» አልኳት። «መጀመሪያ የሷ፣ ከዚያ የሱ፣ ከዚያ የእናትሽ» አለችኝ። የሦስት ሰው ሳቅ የአንድን ሰው ያህል አያስቀናም የሚል ካለ ሩቅ አገር ሄዶ ይሞክረው።

ስድስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን የሆነውን እንዳለ ብነግርዎት ይሻላል፤ ምንም እንኳ ሲሆን አብረው የነበሩ ቢሆኑም።

ከዚያ ሳቅ በኋላ ትምህርቴ ከእጄ ወጣ። መምህራችን ወደ አንድ አሮጌ ድልድይ ለልምምድ ሲወስዱን አንዱን ምሰሶ በመዶሻ ደጋግሜ ስደበድብ አይተው «ምን በደለሽ?» አሉኝ። ከባሌ ጋር በስልክ ስናወራም ድምፁን እንደ ኮንክሪት እየቆረቆርኩ ማዳመጥ ጀመርኩ። «ዛሬ መጥታ ነበር?» እለዋለሁ። «መጥታለች» ይለኛል፣ አይዋሽም። «ምን አወራችሁ?» ስለው «ስላንቺ» ይለኛል። እኔም «ስለ እኔ ለማውራት እኔ እያለሁ እሷን ምን አገባት?» ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ተኮራረፍን። እርቁን ሳንፈጽም፣ ሁለታችንም በአካል ቀርበን ለመጨረሻው ቃለ መጠይቅ እንድንገኝ የሚያዘው መጥሪያዎ ደረሰ። የእረፍት ጊዜዬ ነበርና መጣሁ፤ ቀኑ ስለተጣበበም ቤት ሳልገባ ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መሥሪያ ቤትዎ ደረስኩ።

መሥሪያ ቤትዎ ባልና ሚስትን ለየክፍሉ አስገብቶ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልሶቹ ከገጠሙ ጋብቻው እውነት ነው፣ ካልገጠሙ ባልየው ሻንጣውን ያዘጋጃል። ባሌን አንድ ወጣት ጸሐፊ ወሰደው። እኔን፣ ዕድሌ ሆኖ፣ እርስዎ ተቀበሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየሁዎት። በልቤ የሣልኳት ሴት ረጅም ነበረች፤ እርስዎ አጭር ሆነው ሹራብዎ ክርኑ ላይ ሳስቷል። ይህም አላጽናናኝም።

«ባለቤትዎ ጠዋት ምን ይጠጣል?» አሉኝ። «ሁለት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ» አልኩ። ብዕርዎ ቆም አለ። «ስኳር ትቷል» አሉኝ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፤ «እናትዎ በሐኪም ሲከለከሉ ብቻቸውን እንዳይከፋቸው አብሮ ተወ።»

«የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ቀለሙ ምንድን ነው?» ሰማያዊ አልኩ። ዓይንዎን ጨፈን አደረጉ። አረንጓዴ ሆኗል ለካ።

«በየትኛው ጎን ነው የሚተኛው?» ይህን እንኳ ማን ያሳስተኛል ብዬ «በግድግዳው በኩል» አልኩ። እርስዎ ብዕርዎን አስቀመጡ። ከመጋረጃው የባሰ ነገር እንዳለ ገባኝ። «ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው» አሉኝ በመጨረሻ፤ «እናትዎ ከወደቁ ወዲህ በራቸው አጠገብ መሆን ይሻላል ብሎ።»

እናቴ መውደቋን እንዲህ ሰማሁ። ከልብስ ሰፊዋ አይደለም፣ ከባሌ አይደለም፣ ከራሷ ከእናቴም አይደለም፤ ከመንግሥት መርማሪ፣ በጥያቄና መልስ መካከል። በደረጃው ላይ ተንሸራትታ እንደነበር፣ ያን ቀን እርስዎ በአጋጣሚ ቤት ተገኝተው በአንድ በኩል ባሌ በሌላው እርስዎ ደግፋችሁ ሐኪም ቤት እንዳደረሳችኋት፣ እኔ ትምህርቴን ጥዬ እንዳልመጣ እናቴ ሁላችሁንም እንዳስማለቻችሁ ነገሩኝ። በዳነው ትከሻዎ እናቴን አነሱልኝ ማለት ነው። እኔ ያን ቀን ምን እያደረግኩ ነበር? ምናልባት ሰው የማያልፍበትን ድልድይ እየቆረቆርኩ ነበር።

ከዚያ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «ለመጨረሻ ጊዜ የተጣላችሁት በምን ምክንያት ነው?»

ክብርት ሆይ፣ ያንን ጩኸቴን አገሩ ሰምቶታል። «በእርስዎ!» አልኩ። «በእርስዎ ነው የተጣላነው! ወንበሬ ላይ በተቀመጡት፣ ግድግዳዬን በወጡት፣ ባሌን አነጋገር ባስተማሩት! ስኳር መተዉን ለእኔ ሳይሆን ለእርስዎ ነገረ! እናቴ ስትወድቅ ያነሷት እርስዎ ነዎት! እኔ ምን ቀረኝ? ያ ደረቅ ብሩሽ ነው የቀረኝ?» አልኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ክፍሉ በስስ የቺፕውድ ግድግዳ የተከፈለ መሆኑን ያስታወስኩት ካለቀስኩ በኋላ ነው።

የመምሪያው ኃላፊ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያንኑ መነጽር የሚፈልጉ ሽማግሌ፣ በሩን ከፍተው ገቡ። ወጣቱ ጸሐፊ የባሌን መልስ ይዞ ከኋላቸው ነበር። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው አነበቡ። ሻዩ አልገጠመም። መጋረጃው አልገጠመም። አልጋው አልገጠመም። እያንዳንዱን ሲያልፉ ሻንጣ ሲዘጋ እየሰማሁ ነበር። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቆሙና ባሌ የመለሰውን ጮክ ብለው አነበቡት፤ «የተጣላነው በመርማሪዋ ምክንያት ነው። ሚስቴ ቀንታለች። ይህንንም በአክብሮት አረጋግጣለሁ።»

ወጣቱ ጸሐፊ ሳቁን ለማፈን ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። ኃላፊው ግን አልሳቁም። «በዚህ ወንበር ላይ ብዙ የሐሰት ባልና ሚስት አይቻለሁ» አሉ። «የመጋረጃ ቀለም ሸምድደው ይመጣሉ፣ የሻይ ስኳር ቆጥረው ይመጣሉ፤ ሁሉም ይገጥማል። እንዲህ የሚንተከተክ ቅናት ግን አላየሁም። ይህቺን ማንም አጥንቶ አይመጣም።» ከዚያ ወደ እርስዎ ዞረው አስተያየትዎን ጠየቁ። እርስዎም ተነሥተው፣ እጅዎን አጣምረው «እኔ ከዚህ ጉዳይ ልነሣ ይገባኛል ጌታዬ፤ ለቤቱ ቀርቤያለሁ፣ ውሳኔውን እርስዎ ይስጡ» አሉ። ሽማግሌውም «ባይቀርቡትማ ኖሮ ማኅደሩ ድሮ ተዘግቶ ነበር» አሉ። ዋስ የሆነችው ሚስት አገር ውስጥ የሌለችበት ጉዳይ ክትትል ካልተደረገበት በራሱ እንደሚቋረጥ፣ እርስዎ በመጡ ቁጥር ግን በሕይወት እንደሚቆይ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል ጊዜ የቀናሁባቸው ጉብኝቶች ባሌን አገር ውስጥ ያቆዩልኝ ጉብኝቶች ነበሩ። ሰው በጠላው እጅ ሲጠቀም ምን እንደሚባል ተረት ፈልጌ አጣሁ። «አመሰግናለሁ» ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ግን እንደ ድሮው ትከሻዎ ከደረት በላይ አልነሣ አለ።

በኮሪደሩ ላይ ተከትለውኝ ወጡና፣ ሰው እስኪያልፍ ጠብቀው ያሉኝን እዚህ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። «የእኔም ባል ለትምህርት ነበር የሄደው» አሉኝ። «መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። ከዚያ ለበዓል ብቻ ሆነ። ከዚያ በዓሉም ቀረ። ቤታችሁ ስመጣ፣ ሰው እየጠበቀ መሳቅ ይችላል ወይ ብዬ ነው የምመጣው።» እንዳላዝን ብዬ ብታገልም አዘንኩ። ቅናቴም በበኩሉ አልወጣም፤ ለሐዘኔ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት እንጂ።

ቤት ስንገባ እናቴን አቅፌ ስቆጣት ዋልኩ። ባሌን ግን ወጥ ቤት ውስጥ ብቻውን አገኘሁት፤ ሽንኩርት እየላጠ ነበርና ማን በሽንኩርት ማን በሌላ እንደሚያለቅስ አይታወቅም። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ብነግርሽ ትመጫለሽ» አለኝ። «ከመጣሽ አትመለሺም። ካልተመለስሽ ደግሞ በእኔ ምክንያት ነው።» «ሳቁስ?» አልኩት፤ ሳቁን መቼም አልረሳውም። ቢላዋውን አስቀመጠ። «እሷ ስትገባ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ‘ሚስትህ ደወለች?’ ብላ ነው። ‘ደወለች’ ስላት ትስቃለች። እሷ ስትስቅ እኔም እስቃለሁ፤ እናትሽም ትስቃለች። የሷ ሰውዬ መደወል ማቆም እንዴት እንደጀመረ ነግራኛለች። ስልኩን የዘጋሽብኝ ቀን መጥታ ስትጠይቀኝ ‘ደወለች’ አልኳት፣ ግን አልሳቅኩም።» ይህን ሁሉ ሲናገር አንዲት የቢሮ ቃል አልተጠቀመም።

ስለዚህ፣ ክብርት ሆይ፣ ነገሩ እንዲህ ተፈጸመ። ቋሚ ነዋሪነቱ ጸደቀ፤ ባሌ ወደ ማገገሚያ ክፍሉ ተመልሶ የሌሎችን ትከሻ ያነሣል፤ እኔም ወደ ትምህርቴ ተመልሼ አሁን ምሰሶዎችን በአግባቡ እየቆረቆርኩ እገኛለሁ። ሰነፍ ቀናተኛ ነገር ሲገባው ይተዋል ይባላል፤ እኔ ግን ትጉህ ነኝ። ነገሩ ሁሉ ገብቶኝ፣ ውለታዎንም አውቄ፣ አሁንም እቀናለሁ። ጉዳዩ ተዘግቶ ሳለ በየሳምንቱ ቤታችን እንደሚሄዱ፣ እናቴም ቢዘገዩባት በር ላይ ወጥታ እንደምትጠብቅዎት ሰምቻለሁ። ለዚህ የሚሆን አንቀጽ በደንባችሁ ውስጥ ካለ ቢጠቁሙኝ፤ ከሌለም እንዳይጨምሩበት።

በትሕትና የምጠይቀው ጥቂት ነው። ሶፋውን ለቆ ወደ አልጋው እንዲመለስ ይምከሩት፤ እርስዎን ይሰማል። እናቴን ደረጃ ላይ ብቻዋን አትተዉ። በሚቀጥለው ጊዜ እናቴ ብትወድቅ፣ ብትታመም፣ ብታነጥስ፣ መሐላውን ጥሳችሁ ለእኔ ንገሩኝ። መጋረጃውን ወድጄዋለሁ፤ ይህን ግን ለማንም እንዳይናገሩብኝ።

እንግዲህ ለደከሙት ድካም፣ ለጠጡት ሻይ፣ ላጠቡት ብርጭቆ፣ ላቆዩልኝ ባልና ላነሱልኝ እናት ያለኝን ጥልቅ አክብሮትና ከሱ የማያንስ ቅናት እየገለጽኩ፣ ረጅም ዕድሜና ሩቅ የሥራ ምድብ እመኝልዎታለሁ።

በስልክ ሚስት፣ በእረፍት ጊዜዋ ልጅ፣ በመዝገብ የተረጋገጠች ቀናተኛ፣
የወጌሻው ባለቤት

በድጋሚ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ባለቤቴ ደውሎ፣ ለስድስት ወር ሥልጠና ወደ ውጭ አገር መመረጥዎን፣ የሚመጡትም እኔ ወዳለሁበት ከተማ መሆኑን ነገረኝ፤ እዚህ ሰው ስለሌለዎት እንድቀበልዎትም ተማጠነኝ። ምኞቴ እንዲህ ፈጥኖ ይደርሳል ብዬ አልጠበቅኩም። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ፍራሽ ግን ተውሻለሁ። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ፤ ሲወጡ ግራ ቀኝ አይመልከቱ፣ የሚጠብቅዎት ሰው አለ። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ደግሞ ሥልጠናውን ያራዝሙልኝ ብለው ያመልክቱ፤ እኔ ራሴ ማመልከቻውን እጽፍልዎታለሁ።